ዳውን ሲንድረም ያለበት ልጅ፦ ትምህርቱ ከቤት ይጀምራል

ፖርቴጅ በአሜሪካ የዊስኮንሲን ግዛት የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1969 በዙሪያዋ ባለው ገጠር ለሚኖሩ፣ ዕድገታቸው ለዘገየ ሕፃናት ትምህርት ለመስጠት ታሰበ። ችግሩ የቤቶቹ መራራቅ ነበር። ጨቅላ ሕፃናትን በየማለዳው ሰብስቦ አንድ ክፍል ማድረስ የማይሆን ነገር ሆነ። ስለዚህ መምህሯ ራሷ ቤት ለቤት እንድትዞር ተወሰነ። በሳምንት አንዴ ትመጣለች፣ ልጁ ምን እንደሚችል ከወላጆቹ ጋር ታያለች፣ ለሚቀጥለው ሳምንት ጥቂት ትንንሽ ነገሮችን ትመርጣለች፣ እንዴት እንደሚለማመዱት አድርጋ ታሳያለች፤ ከዚያ ትሄዳለች። በቀሩት ቀናት አስተማሪዋ እናት ናት፤ ካልሆነም አባት ወይም አያት። ዘዴው የከተማዋን ስም እንደያዘ ወደ እንግሊዝ፣ ከዚያም ወደ ብዙ አገሮች ተሻገረ።

ይህን ያስቀደምኩት ነገሩ እኛንም ስለሚመለከት ነው። ዳውን ሲንድረም ያለበት ልጅ የተወለደለት ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠብቀው ወይ ባለሙያ ወይ የትምህርት ዕድሜን ነው። የንግግር ሕክምና የሚሰጥ ባለሙያ ክልል ከተሞች ውስጥ ቀርቶ አዲስ አበባም በቀላሉ አይገኝም። የትምህርት ዕድሜ እስኪደርስ ደግሞ አእምሮ ከምንጊዜውም በላይ የሚያድግባቸው ዓመታት ያልፋሉ። ለዚህ ልጅ የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ቤቱ ነው። የሚያስፈልገው ዕቃም ሆነ ሰው በአብዛኛው እዚያው አለ፤ የሚጎድለው አሠራሩን የሚያሳይ ነው።

መጀመሪያ ስለ ሁኔታው ጥቂት እንበል። በእያንዳንዱ የሰውነታችን ሴል ውስጥ 46 ክሮሞዞሞች አሉ፤ ግማሹ ከእናት፣ ግማሹ ከአባት የመጣ። ዳውን ሲንድረም ባለበት ሰው ላይ 21ኛው ክሮሞዞም ጥንድ መሆኑ ቀርቶ ሦስት ይሆናል፤ ድምሩም 47 ይደርሳል። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ላንግደን ዳውን ሁኔታውን በጽሑፍ የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1866 ነው። ምክንያቱ የታወቀው ግን ከዘጠና ሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1959፣ ፓሪስ ውስጥ ማርት ጎቲዬ፣ ዤሮም ለዠን እና ሬሞን ቱርፓን ትርፉን ክሮሞዞም ሲያገኙ ነው። የዓለም ዳውን ሲንድረም ቀን በፈረንጆቹ ሦስተኛ ወር በ21ኛው ቀን፣ በእኛ መጋቢት 12 የሚከበረውም ከሦስቱ 21ኛ ክሮሞዞሞች ተነሥቶ ነው።

ከመቶው ወደ 95 በሚሆኑት ልጆች ላይ ይህ የሚመጣው የዘር ሴል ሲከፈል በድንገት በሚፈጠር መዛባት ነው። እናት በእርግዝናዋ ወቅት የበላችው ምግብ፣ ያነሣችው ሸክም ወይም የደነገጠችው ድንጋጤ አያመጣውም። እርግማንም አይደለም። የእናት ዕድሜ ሲጨምር ዕድሉ ይጨምራል፤ በ35 ዓመቷ ከ350 ወሊድ አንድ ገደማ የነበረው በ40 ዓመቷ ከ100 አንድ ገደማ ይሆናል። ሆኖም አብዛኛውን ልጅ የሚወልዱት ወጣቶች ስለሆኑ፣ ዳውን ሲንድረም ካለባቸው ልጆች የሚበዙት ከ35 ዓመት በታች ካሉ እናቶች የተወለዱ ናቸው። ይህን ያህል መዘርዘሬ እናቲቱን የሚወቅስ ዘመድ ስለማይጠፋ ነው። የተወቀሰች እናት ልጇን ከሰው ዓይን ትሸሽጋለች፤ የተሸሸገ ልጅ ደግሞ ሰው አያይም፣ ወሬ አይሰማም፣ ከእኩዮቹ ጋር አይጫወትም። ትምህርቱ የሚቋረጠው ሳይጀመር ነው።

ሌላም ማወቅ የሚገባ ነገር አለ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1983 ዳውን ሲንድረም ያለበት ሰው አማካይ ዕድሜ 25 ዓመት ገደማ ነበር፤ ዛሬ ወደ 60 ደርሷል። ለውጡን ያመጡት በዋናነት የልብ ቀዶ ሕክምናና ልጆችን በተቋም መዝጋት ቀርቶ በቤተሰብ መካከል ማሳደግ መጀመሩ ናቸው። እናም ዛሬ ጡት የሚጠባው ልጅ ነገ ትልቅ ሰው ይሆናል ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። የሚማረውም ለዚያ ነው፤ ራሱን እንዲያጥብ፣ ታክሲ እንዲሳፈር፣ ሒሳብ ከፍሎ መልስ እንዲቀበል፣ ሲያመው የት ላይ እንዳመመው እንዲናገር።

ከትምህርቱ በፊት ግን ሐኪም። ዳውን ሲንድረም ካለባቸው ሕፃናት ግማሽ ያህሉ ከልብ ችግር ጋር ይወለዳሉ። ልጁ ጡት ሲጠባ ቶሎ ቢደክም፣ ቢያልበው፣ ኪሎ አልጨምር ቢል ምልክት ነው፤ ምልክት ባይኖርም የልብ አልትራሳውንድ መነሣት አለበት። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ዶክተር በላይ አበጋዝ ከመሠረቱት በጎ አድራጎት ጋር የቆመ የሕፃናት ልብ ሕክምና ማዕከል አለ፤ ወረፋው ረጅም ስለሆነ ቀድሞ መመዝገብ ይጠቅማል። ጆሮም መመርመር አለበት። ብዙዎቹ ልጆች ከጆሮ ታምቡራቸው በስተጀርባ ፈሳሽ ይጠራቀምባቸዋል፤ ሲጠሩት የማይዞረው ልጅ «እምቢተኛ» እየተባለ ይቆጡታል፤ እውነቱ ግን አለመስማቱ ነው። ዓይንና የታይሮይድ ዕጢ ምርመራም እንዲሁ ከዓመት ዓመት የሚደገሙ ናቸው። የታይሮይድ ማነስ ልጁን ያደነዝዘዋል፤ በደም ምርመራ ይታወቃል፣ በክኒን ይስተካከላል። ጸበል መውሰድ የቤተሰቡ እምነት ነው፤ ጸበል የሄደ ልጅ ሐኪም ቤትም መሄዱን እንዳይተው ብቻ። «ይህን ትርፍ ክሮሞዞም የሚያጠፋ መድኃኒት አለኝ» የሚል ሰው ከመጣ ግን ገንዘባችሁን አትስጡት፤ እንዲህ ያለ መድኃኒት የለም።

አሁን ወደ ልጁ አእምሮ እንግባ፤ አሠራሩ ሁሉ የሚመነጨው ከዚያ ነውና። ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ልጆች አንዱ ከሌላው ይለያያሉ፤ ቢሆንም ተመራማሪዎች ደጋግመው ያዩት የጋራ ጠባይ አለ። በዓይናቸው ያዩትን በጆሮአቸው ከሰሙት ይልቅ በደንብ ይይዛሉ። የሚገባቸው ነገር አፋቸው ሊያወጣው ከሚችለው በብዙ ይበልጣል። አንድን ነገር ዛሬ ይዘውት ነገ የረሱ ይመስላሉ፤ ጸንቶ እንዲቀር ከሌላው ልጅ ይልቅ ብዙ ጊዜ መደጋገም አለበት። የሰው ፊት ማንበብ፣ ማስመሰል፣ ከሰው ጋር መላመድ ደግሞ የሚያውቁበት ነገር ነው። ስለዚህ «ስንት ጊዜ ነገርኩህ!» የምትል እናት የተሳሳተው በር ላይ እያንኳኳች ነው። ልጁ መነገር ሳይሆን ማየት ይፈልጋል።

የመጀመሪያው ዓመት የአካል ዓመት ነው። የእነዚህ ሕፃናት ጡንቻ ልል ነው፤ አንገታቸው ዘግይቶ ይጸናል፣ ሲታቀፉ እንደሌላው ሕፃን አይጠጥሩም። አብዛኞቹ በእግራቸው የሚሄዱት ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆን በአንድ ዓመት የሚሄድም፣ እስከ አራት ዓመት የሚቆይም አለ። እዚህ ላይ ልማዳችን ይረዳልም ያሰናክላልም። ማዘል ጥሩ ነው፤ ሕፃኑ ከእናቱ ትከሻ በላይ ዓለምን ያያል፣ አንገቱን ያለማምዳል። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ በአንቀልባ የዋለ ልጅ መሬት የሚነካበት ጊዜ አያገኝም፤ እግሮቹም ተከፍተው ይውላሉ፣ በልል ጡንቻ ላይ ደግሞ ይህ ልማድ ሆኖ ይቀራል። በቀን ውስጥ ደጋግሞ፣ ንቁ በሆነበት ሰዓት፣ ምንጣፍ ላይ በሆዱ ይተኛ። ለእንቅልፍ ሲሆን በጀርባው። ታላቅ ወንድሙ ፊት ለፊቱ በደረቱ ተኝቶ ያጫውተው፤ ቀና ለማለት ከወንድም ፊት የበለጠ ምክንያት አይኖረውም። ሲቀመጥም እግሮቹ እንደ እንቁራሪት እንዳይከፈቱ ሰብሰብ አድርጎ ማስቀመጥ ጥሩ ነው። አንገቱ ላይ የሚያገለባብጥ ጨዋታ ግን ሐኪም ሳያዩት አይሞከር፤ የላይኞቹ የአንገት አጥንቶች መያዣ ልል የሆነባቸው ልጆች አሉ።

ስለ ምላስ የሚወራውም ብዙ ነው። ምላሱ የሚወጣው ረዝሞ ሳይሆን አፉ ውስጥ ያለው ቦታ ጠባብ፣ ጡንቻውም ልል ስለሆነ ነው። ማኘክ፣ በቀሰም መጠጣት፣ ከጡጦ ይልቅ በኩባያ መልመድ የአፍ ጡንቻን ያለማምዳሉ። ዕድሜው ለጋ እስከሆነ ድረስ ቆሎና ፈንዲሻ አይሰጠው፤ ትን ሊለው ይችላል።

ንግግር ብዙ ወላጅ የሚጨነቅበት ጉዳይ ነው፤ እኔም ትንሽ ልቆይበት። የመጀመሪያዎቹ ቃላት በአንዳንዱ ልጅ ከዓመቱ በኋላ፣ በሌላው ከሦስት ዓመት በኋላም ይመጣሉ። ቃሉ እስኪመጣ መጠበቅ ግን የለም። ልጁ ወተት እንደሚፈልግ ያውቃል፤ ማለት ግን አይችልም። በዚህ መካከል የሚገባው ምልክት ነው። «ና»፣ «በቃ»፣ «ጨምሪልኝ»፣ «ውሃ» ለሚሉት እያንዳንዳቸው አንድ የእጅ ምልክት ቤተሰቡ ይምረጥ፤ ሁሉም ሰው ያንኑ ይጠቀም፤ ምልክቱን ሲያሳዩም ቃሉን አብረው ይበሉት። ምልክት የለመደ ልጅ ንግግር ይተዋል የሚለው ፍርሃት መሠረት የለውም። ልጁ ቃሉን ማለት ሲችል እጁን ራሱ እየተወው ይሄዳል፤ እስከዚያው ድረስ ደግሞ ከመጮኽና ከመንከስ ያድነዋል።

ሲያናግሩትም ፊት ለፊቱ ሆነው፣ ዓይኑ ትይዩ ዝቅ ብለው፣ በአጭር አረፍተ ነገር ይሁን። ከዚያ ዝም ይበሉ። እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ቤተሰብ የሚቸኩለው። የልጁ አእምሮ የሰማውን አሰላስሎ መልስ እስኪያወጣ ጊዜ ይወስዳል፤ ቀስ ብሎ እስከ አሥር መቁጠር የሚያህል ጊዜ። እኛ ግን ሦስት ሳንደርስ ጥያቄውን እንደግማለን፣ ወይም እኛው እንመልሳለን፤ እሱም ሐሳቡን ከመጀመሪያው ይጀምራል። ዝም ብሎ መጠበቅ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ከባድ መሆኑን ግን ያየ ያውቀዋል።

በውጭ አገር ለምትኖሩ ወላጆች አንድ ነገር ልጨምር። «ልጁን ሁለት ቋንቋ አታደናግሩት፣ እንግሊዝኛ ብቻ ተናገሩት» የሚል ምክር ከመምህርም ከዘመድም ትሰሙ ይሆናል። በካናዳ እነ ኤሊዛቤት ኬይ-ሬይኒንግ በርድ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ በሁለት ቋንቋ ያደጉ ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ልጆች በእንግሊዝኛቸው በአንድ ቋንቋ ካደጉት አላነሱም። እናት በተሰባበረ እንግሊዝኛ ከምታወራው ይልቅ አፏን በፈታችበት አማርኛ ብታጫውተው፣ ብታባብለው፣ ብትቆጣው የሚሰማው ቋንቋ ሙሉ ይሆናል። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ከልደት እስከ ሦስት ዓመት ላሉ ሕፃናት በየግዛቱ ቀድሞ የሚጀምር የዕድገት ድጋፍ እንዳለ እወቁ። ምርመራው በነፃ ነው፤ ባለሙያ ቤት ድረስ ይመጣል፤ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል።

ወደ ቤት ውስጡ ትምህርት እንመለስ። ዳውን ሲንድረም ላለበት ልጅ ትልቁ እንቅፋት ብዙ ጊዜ ጭካኔ ሳይሆን ርኅራኄ ነው። «እሱን አታድክሙት» እየተባለ በአምስት ዓመቱ ሰው የሚያጎርሰው፣ በስድስት ዓመቱ ጫማ የሚደረግለት ልጅ እናያለን። አያቱ የምታጎርሰው ወድዳው ነው፤ በማጉረስ የሚያልፈው እያንዳንዱ ማዕድ ግን ማንኪያ መያዝ ያልተማረበት ማዕድ ነው። ፍቅሩ ይቀጥል፣ እጁ ግን ይለቀቅ።

እንዴት? ፖርቴጅም ሆኑ ከእሱ በኋላ የመጡ ዘዴዎች የሚስማሙበት ነገር ሥራን መቆራረስ ነው። ሱሪ መልበስ ለእኛ አንድ ሥራ ነው፤ ለእሱ ግን ብዙ ሥራ ነው። ሱሪውን መያዝ፣ ፊቱን ከኋላው መለየት፣ አንዱን እግር ማስገባት፣ ሁለተኛውን፣ እስከ ጉልበት መሳብ፣ ቆሞ እስከ ወገብ መሳብ። ብልሃቱ ከመጨረሻው መጀመር ነው። እናት ሁሉንም ታደርግለትና ከዳሌው ወደ ወገቡ ያለውን የመጨረሻውን ጉተታ ለእሱ ትተውለታለች። ጎተተ፤ ለበሰ! ሥራው በእሱ እጅ አለቀ፣ ተጨበጨበለት። ይህን ሲለምድ ከጉልበት ጀምሮ ይጎትታል፤ ከዚያ ሁለተኛውን እግር ራሱ ያስገባል። ከመጀመሪያው ቢጀምር ግን ገና ሳይለብስ ይሰለቻል። እጅ መታጠብ፣ ዚፕ መዝጋት፣ ጃኬት መስቀል፣ ሁሉም በዚህ መንገድ ይሄዳሉ።

ሲሳሳትም «አይደለም!» ከማለት በፊት እንዳይሳሳት ማድረግ ይሻላል። እጁን ይዞ በትክክል ማሠራት፣ ቀስ በቀስ እጅን መልቀቅ። አንዴ በስሕተት የያዘውን ማስለቀቅ ከባድ ነው፤ የለመዱት ሁሉ ያውቁታል።

የቡና ሥነ ሥርዓት ለዚህ ልጅ የተመቻቸ ክፍለ ጊዜ ነው ብዬ አምናለሁ። በየቀኑ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ይደገማል፤ የሚታይ፣ የሚሸተት፣ የሚነካ ነገር ሞልቶበታል። ሳር መጎዝጎዝ ይችላል። ስኒዎችን አንድ ላንድ ረከቦት ላይ መደርደር መቁጠርን የማያውቅ ልጅ ቁጥርን በእጁ የሚነካበት ነው፤ ለእማማ አንድ፣ ለአባባ አንድ፣ ለጎረቤት አንድ። መቁጠር ከጣት ቆጠራ ይልቅ በዚህ ይገባዋል። ጎረቤት ሲገባ ተነሥቶ መጨበጥ፣ አቦል እስኪቀዳ መጠበቅ፣ ባዶውን ስኒ መሰብሰብ፤ ማኅበራዊ ኑሮ የሚባለው ይኸው ነው። ከእሳቱና ከጀበናው ብቻ ይራቅ። ለሌላ ሰዓት ደግሞ የሃይላንድ ክዳኖች በቀለም መለየት፣ ካልሲ ማጣመር፣ ጭልፋን ከጭልፋ፣ ማንኪያን ከማንኪያ ጋር ማስቀመጥ ከተገዛ መጫወቻ አያንሱም። ክዳኖቹ ሊዋጡ የማይችሉ ይሁኑ፤ ሁሉን ወደ አፍ የሚከት ልጅ ከሆነ ይቆዩት።

ስለ ንባብ የማወራው ብዙ ሰው «ይህማ አይሆንም» ብሎ የሚተወው ክፍል ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ገደማ፣ በእንግሊዝ ፖርትስመዝ ከተማ የሥነ ልቦና መምህርት ለነበረችው ሱ በክሊ ሌስሊ ደፈን የሚባል አባት ደብዳቤ ጻፈላት። ዳውን ሲንድረም ያለባትን ልጁን ሳራን ከሦስት ዓመቷ ጀምሮ በካርድ በተጻፉ ቃላት ማንበብ እንዳስተማራት፣ መናገር የረዳትም ንባቡ መሆኑን እንደሚያምን ገለጸ። በዚያ ዘመን እንደነዚህ ያሉ ልጆች ማንበብ ይማራሉ ብሎ የሚጠብቅ ባለሙያ ጥቂት ነበር። በክሊ ደብዳቤውን አልጣለችውም፤ ምርምሯን በዚያ ጀመረች፣ ከእሷ በኋላም ብዙ ጥናት ተከተለ። ምክንያቱ ከላይ ካነሣነው ጋር ይገጥማል። የተነገረ ቃል ወዲያው ይጠፋል፤ የተጻፈ ቃል ግን ልጁ እስኪያየው ይጠብቀዋል።

ይህን ወደ እኛ ፊደል ስናመጣው የልማዳችን መንገድ ለዚህ ልጅ እንደማይመች እናያለን። ፊደል ስናስቆጥር ከሀ እስከ ፐ፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ፣ 231 ፊደል በዜማ በቃል እናስይዛለን። ይህ ረጅም ነገርን በጆሮ ቅደም ተከተል መያዝ ነው፤ ዳውን ሲንድረም ላለበት ልጅ እጅግ የሚከብደውም ይኸው ነው። አንዳንዱ ልጅ ዜማውን ይዞ ይሄዳል፣ ፊደሉን ግን አያውቀውም። በእኔ ግምት ከቃል መጀመር ይሻላል፤ ትርጉም ካለው፣ ከእሱ ሕይወት ከወጣ አጭር ቃል። የአማርኛ ቃላት ለዚህ ይመቻሉ፤ «ዳቦ»፣ «ውሃ»፣ «ኳስ»፣ «ድመት» በሁለት በሦስት ፊደል ያልቃሉ።

ካርቶን ቀድዳችሁ በወፍራም ጥቁር እስክሪብቶ፣ ጎላ አድርጋችሁ ጻፉ። በሦስት ወይም በአራት ቃል ጀምሩ፤ የልጁ ስም፣ «እማማ»፣ «አባባ»፣ በጣም የሚወደው አንድ ነገር። እያንዳንዱ ቃል ሁለት ሁለት ካርድ ይኑረው። መጀመሪያ አንዱን ካርድ በመሳዩ ላይ እንዲያስቀምጥ አድርጉት፤ እናንተ ቃሉን እያላችሁ፣ ፎቶውም አጠገቡ ሆኖ። ይህን ሲለምድ ሁለት የተለያዩ ካርዶችን ፊቱ ዘርግታችሁ «ዳቦ የቱ ነው? ስጠኝ» በሉት፤ መናገር አይጠበቅበትም፣ መስጠት ብቻ። ካርዱን አሳይታችሁ «ይህ ምን ይላል?» የምትሉት በመጨረሻ ነው፤ በምልክትም ቢመልስ መልስ ነው። ከዚያ ሁለት ካርድ ይጣመራሉ፤ «አባባ መጣ»፣ «ዳቦ ስጪኝ»። በአፉ ሁለት ቃል አጣምሮ የማያውቅ ልጅ ከካርድ ላይ ሁለት ቃል ሲያነብ አረፍተ ነገር ሲናገር ሰማችሁት ማለት ነው። የአማርኛ ሰዋስው ብዙው በቃሉ መጨረሻ ላይ ነው፤ «መጣ»፣ «መጣች»፣ «መጡ»። ጆሮው በፈሳሽ ለታፈነ ልጅ ያቺ የመጨረሻዋ ትንሽ ድምፅ ትቀርበታለች። በወረቀት ላይ ግን ራሷን ችላ የቆመች «ች» ናት፤ አትጠፋበትም። ሃምሳ ያህል ቃላትን በዓይኑ ከያዘ በኋላ ወደ ፊደል ገበታው መሄድ ይቻላል፤ «ዳ»ን ከዳቦ፣ «ድ»ን ከድመት እያወጡ።

ካርድ የሚሠራበት ጊዜ አጭር ይሁን፤ አምስት ደቂቃ ይበቃል፣ በቀን ሁለት ጊዜ ቢሆን ደግሞ ጥሩ። በዚህ መካከል አንድ ነገር ይገጥማችኋል። ልጁ ድንገት ካርዱን ትቶ ያጨበጭባል፣ አንገታችሁን ያቅፋል፣ አፉን አጣሞ ያስቃችኋል። ደስ ይላል። የኤድንብራዋ ተመራማሪ ጄኒፈር ዊሻርት ይህን በጥንቃቄ አጥንታዋለች፤ እነዚህ ልጆች ከከበዳቸው ሥራ ለማምለጥ የሰው መውደድን እንደ መንገድ እንደሚጠቀሙበት አሳይታለች። ብልህነት ነው፤ ግን ሥራውን ያስቀርበታል። መፍትሔው ቁጣ አይደለም። አብራችሁ ስቃችሁ፣ ሥራውን አቅልላችሁ፣ አንዴ አሠርታችሁ ከዚያ ማቆም ነው፤ መጨረሻው ማምለጥ ሳይሆን መሥራት እንዲሆን።

ይህ ሁሉ በእናት ትከሻ ላይ ብቻ ከወደቀ አይዘልቅም። አባትም ሥራውን ይያዝ፤ «ከሥራ ሲገባ ካርዱ የእሱ ነው» ቢባል ጥሩ ጅምር ነው። ሠራተኛዋም ምልክቶቹን ትማር፣ ቀኑን የምትውለው እሷ ናትና። እኅቶቹና ወንድሞቹ በጨዋታ ያስተምሩታል፤ ሞግዚት ግን አይደሉም፣ የራሳቸውም ልጅነት አላቸው። ወላጆች እርስ በርስ መገናኘታቸውም ይጠቅማል። የቀድሞው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ አቶ አባዱላ ገመዳ በልጃቸው ስም ያቋቋሙት ዲቦራ ፋውንዴሽን በዚሁ ጉዳይ ላይ ይሠራል፤ እንዲህ ያለው ነገር በይፋ መታየቱ ብዙ ቤተሰብን ከመደበቅ አውጥቷል ብዬ እገምታለሁ።

የሚጠበቀውን ነገር በልክ ማድረግም ያስፈልጋል። ስፔናዊው ፓብሎ ፒኔዳ ዳውን ሲንድረም ኖሮበት የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ጨርሷል፤ እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣ ፊልም ላይም ተውኗል። ልጃችሁን በእሱ ብትለኩት ትጎዳላችሁ፤ አይችልም ብላችሁ ብትተዉትም ትጎዳላችሁ። መለኪያው ባለፈው ወር ያልቻለውና በዚህ ወር የቻለው ነገር ይሁን። ለዚህ ደብተር ያዙ። ቀኑን፣ የተሞከረውን ትንሽ ነገር፣ በስንት እርዳታ እንደሠራው በአንድ መስመር ጻፉ። ተስፋ በቆረጣችሁበት ቀን ወደ ኋላ ገልጣችሁ ታያላችሁ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስትመጣም አሳዩአት። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ቤት ለቤት የሚዞሩት እነዚህ ሴቶች የፖርቴጅ መምህሯ የምትሄድበትን መንገድ ቀድሞውኑ እየሄዱበት ነው፤ ይህንንም ሥራ ቢጨምሩበት እላለሁ።

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ በዚያ ውስጥ ከሌሎች ልጆች ጋር የመማር መብት አለ። ምዝገባ ሲደርስ ደብተሩንና ካርዶቹን ይዛችሁ ወደ ሠፈራችሁ ትምህርት ቤት ሂዱ፤ ልጁ የማይችለውን ሳይሆን የሚችለውን አሳዩ። ይህን የምታነቡ ርእሳነ መምህራንና መምህራን ደግሞ ልጁ ሲመጣ ፊት ረድፍ አስቀምጡት፣ የምታስተምሩትን በሥዕል አሳዩት፣ ጠይቃችሁት እስኪመልስ ጠብቁት።